ማግኔትና የሊማሊሞ ድንጋይ

ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጡ ሁለት ማግኔቶችን አቀራርቡ። በአንድ ወገን ተሳስበው ይጣበቃሉ፤ አንደኛውን ስትገለብጡት ግን እጃችሁን እየገፋ ይሸሻል። ማግኔት ሰሜንና ደቡብ የሚባሉ ሁለት ዋልታዎች አሉት፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ። ማግኔቱን ብትሰብሩት እንኳ እያንዳንዱ ስባሪ ሁለቱንም ዋልታ ይዞ ይገኛል።

ምክንያቱም የማግኔትነት ምንጭ ጫፎቹ ሳይሆኑ በአተሞች ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ኢምንት ማግኔት ነው። በእንጨት ውስጥ አቅጣጫቸው እየተቃረነ ኃይላቸው ይጠፋፋል። በብረት፣ በኒኬልና በኮባልት ግን ጎረቤታም አተሞች በየቡድኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። አብዛኞቹ ቡድኖች ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ ብረቱ ማግኔት ይሆናል።

የተራ ሚስማር ቡድኖች አቅጣጫቸው የተለያየ ነው። ማግኔት ሲቀርበው ይዞሩና ቅርብ የሆነው ጫፍ ተቃራኒ ዋልታ ይሆናል። ስለዚህ ሚስማር በሁለቱም ዋልታ ይሳባል እንጂ አይገፋም። አንድ ብረት ማግኔት መሆኑ የሚረጋገጠው በመሳቡ ሳይሆን ሌላ ማግኔት በመግፋቱ ነው።

ሙቀት የአተሞቹን ሰልፍ ያፈርሳል። ይህ በድንጋይም ይታያል። የስሜን ተራሮች ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የፈሰሰ ቅላጭ ነበር። በውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ። ድንጋዩ ከ580 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ማግኔታይቱ በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ ይዞ ቀረ። የደባርቅና የዳባት ተማሪዎች ከዝናብ በኋላ በጅረት ዳር በሚከማች ጥቁር አሸዋ ላይ ማግኔት ቢያንቀሳቅሱ፣ ከዚህ ድንጋይ የተፈረፈሩ ቅንጣቶች ሲጣበቁበት ሊያዩ ይችላሉ። ኮምፓስም ከባዛልት አለት ጋር ተጠግቶ ሲነበብ ሊሳሳት ይችላል።

ምድር ራሷ ማግኔት ናት፤ በውስጧ የሚዘዋወረው የቀለጠ ብረት መግነጢሳዊ መስኳን ይፈጥራል። ዋልታዎቿ በየዘመኑ ይገለባበጣሉ፤ የመጨረሻው ግልበጣ የሆነው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ተመራማሪዎች ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ዳር የተደራረቡትን ባዛልቶች ሲለኩ፣ ከፊሎቹ የዛሬውን፣ ከፊሎቹ የተገለበጠውን አቅጣጫ ይዘው አገኟቸው። በዚህ ወፍራም ድርድር ውስጥ የተገኙት ግልበጣዎች ግን ጥቂት ናቸው። ይህም ከዕድሜ ልኬቱ ጋር ተዳምሮ፣ አብዛኛው ድንጋይ የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን አሳየ። ይህ በምድር ታሪክ እጅግ አጭር ጊዜ ነው፤ ለመታወቁም በእጃችሁ ያለውን ማግኔት የሚያዘው ያው ሕግ ረድቷል።