በቀለበታችሁ ውስጥ ያለው ምሥጢር

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ እስቲ በጣታችሁ ላይ ያለውን የወርቅ ቀለበት ለአፍታ ተመልከቱት። ጠጣር ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ባዶ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር፣ ጋይገርና ማርስደን የተባሉ ተመራማሪዎች አልፋ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን እጅግ በሳሳ ወርቅ ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ አልፈው ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። አለቃቸው ራዘርፎርድ በ1911 ምክንያቱን ገለጠ፦ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ መካከሉ ላይ ባለ እጅግ ትንሽ ነገር ውስጥ ታጭቋል። ይህም ኒውክለስ ተባለ።

ምን ያህል ትንሽ ነው? የወርቅ አቶም 200 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ኒውክለሱ አንዲት ሽምብራ ያህል ይሆናል። ምን ያህልስ የታጨቀ ነው? ኒውክለስ ብቻ ተሰብስቦ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ፣ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል።

አሁን ልብ በሉ። በወርቅ ኒውክለስ ውስጥ 79 ፕሮቶኖች አሉ። ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ታዲያ ለምን አይበታተኑም? ከመገፋፋቱ የሚበረታ ሌላ ኃይል ስለያዛቸው ነው። 118 ኒውትሮኖችም ራሳቸው ሳይገፉ ማያያዙን ያግዛሉ። ይህ ኃይል ግን የሚሠራው በጣም ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ጥቂት ቢራራቁ የሚቀረው መገፋፋቱ ነው። ደግሞም ከልክ በላይ ሊጨፈላለቁ ሲሉ ያው ኃይል መልሶ ይገፋቸዋል። ስለዚህ የብረትም ሆነ የወርቅ ኒውክለስ የታጨቀበት መጠን ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል።

“ጠባያችን አይገጥምም” እያልን ስንቶቻችን በአንድ ጣሪያ ሥር ተራርቀናል? በመጋቢ ቤትም ይህ አለ። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ትዳር ስንመክር ውለን፣ ማታ ጀርባ ተሰጣጥተን የተኛንባቸው ወራት ነበሩ። ችግሩ የጠባያችን መለያየት አልነበረም፤ እርሱ ዛሬም አለ። የጎደለው መቀራረባችን ነበር። መቀራረብ ስል ግን አንዱ ሌላውን መዋጥ ማለቴ አይደለም። ዱላ ያለበትን ቤትም “ቻሉት” እያልሁ አይደለም፤ የምትደበደብ እህት ደኅና ቦታና እርዳታ ያስፈልጋታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ 1፥17 የጻፈው ስለ ፊዚክስ አይደለም። ሆኖም ፍጥረትን ሁሉ አያይዞ የያዘው ክርስቶስ መሆኑን ይነግረናል። በጣታችሁ ላይ ያለችውን ወርቅ የያዘ ጌታ ቤታችሁን መያዝ አያቅተውም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።