በእጅና በጆሮ የሚጸና ኅብረት፤ ከዐይነ ስውራን ሕፃናት ጨዋታ የተቀዱ መጫወቻዎች

የሕፃናት ጨዋታ ለተመልካች የልብ ማሳረፊያ ብቻ ቢመስልም፣ ልጅ ተራ መጠበቅን፣ መስጠትንና መቀበልን፣ መርታትንና መረታትን ከባልንጀራው ጋር የሚማርበት የመጀመሪያው ጉባኤ እርሱ ነው። በገበያ የሚሸጡት መጫወቻዎች አብዛኞቹ ግን ይህን ሁሉ ልውውጥ ለዐይን ብቻ የተዉ ናቸው፤ ተራው የማን እንደ ሆነ በጥቅሻ፣ ጠጠሩም ወዴት እንደ ተዛወረ በማየት የሚታወቅ ስለ ሆነ፣ ዐይነ ስውር ልጅ በእኩዮቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ ከጨዋታው ውጭ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ይህን ጉድለት ለማቅናት የተደከመበት ሥራ ሲመረመር፣ ፍሬ ያፈራው መጫወቻ ለዐይነ ስውሩ ታዝኖለት ድምፅ የተጨመረበት ሳይሆን፣ ሕጉ ራሱ ዐይነ ስውራን ከሚጫወቱበት ልማድ የተቀዳለት ሆኖ ይገኛል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ሰልማ ፍራይበርግ፣ ከልደታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆኑ ዐሥር ሕፃናትን ተከታትለው በ1977 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የሚያይ ሕፃን በአምስት ወሩ ገደማ ያየውን ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ዐይነ ስውሩ በድምፅ ብቻ ተመርቶ እጁን የሚዘረጋው የመጀመሪያው ዓመት ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው፤ ድምፁ የሚጨበጥ አካል እንዳለው ገና አልተረዳምና፣ ከእጁ አምልጦ ዝም ያለ ዕቃ ለእርሱ ከዓለም እንደ ጠፋ ነው። ከዐይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች ጋር ያደጉት ዴንማርካዊት መምህርት ሊሊ ኒልሰን «ትንሿ ክፍል» ብለው የሠሩት መጫወቻ ለዚሁ መልስ ሆነ፤ ሕፃኑ ሣጥን በመሰለችው ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ከላዩና ከጎኑ የተንጠለጠሉትን ዕቃዎች ሲነካ፣ እያንዳንዱ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ስፍራው ይመለሳልና፣ የነገሮችን ጽናት ያለ አስተማሪ ቃል በገዛ እጁ ያረጋግጣል።

የዕቃው ከስፍራ መጽናት ለብቸኛው ተጫዋች ቢበቃውም፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ የሠራውን ሌላው የሚያውቅበት መንገድ ያሻል። ይህን በምሉዕነት የፈቱት፣ ማኅበራቸውን በ1951 በዓለም አቀፍ ደረጃ ያቋቋሙት ዐይነ ስውራን የሰንጠረዥ (ቼዝ) ተጫዋቾች ናቸው፤ በገበታቸው ላይ ጥቁሩ ቤት ከነጩ ከፍ ይላል፣ ጠጠሩ በቀዳዳ ይሰካል፣ የጥቁሩ ጠጠር ራስ በምልክት ይለያል፣ እያንዳንዱ ርምጃም በቃል ይነገራል። ጠጠር እንደ ተነካ የሚቆጠረውም ከቀዳዳው ሲነቀል ብቻ ስለ ሆነ፣ እጅ ሥርዓቱን ሳያፈርስ ገበታውን እንደ ልቡ ያነብባል።

በ1946 ኦስትሪያዊው ሃንስ ሎረንዘንና ጀርመናዊው ሴፕ ራይንድለ በጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች የፈጠሩት ጎልቦል የተባለው የኳስ ጨዋታም ይህንኑ ጥበብ በሜዳ ያሳያል። በየወገኑ ሦስት ሦስት ሆነው የሚጫወቱት ሰዎች ቃጭል ያለበትን 1.25 ኪሎ ግራም ኳስ በጆሮ ይከተላሉ፣ ከሜዳው መስመር በታች በተዘረጋው ሲባጎ ስፍራቸውን በእጅና በእግር ይለያሉ፣ ሁሉም ዐይናቸውን ይሸፍናሉ፣ ተመልካቹም ጨዋታው ሲካሄድ ጸጥ ይላል፤ በዚህም በጥቂቱ የሚያየው ከማያየው አይበልጥም።

በቅርቡ ዘመን የዴንማርክና የብራዚል የዐይነ ስውራን ድርጅቶች ባቀረቡት ሐሳብ መነሻነት የሌጎ ተቋም በ2020 ያወጣቸው ጡቦች፣ ራሳቸው ላይ ያሉት ጉብታዎች በስድስቱ የብሬል ነጥቦች ሥርዓት ተደርድረው ከጎናቸው የታተመ ፊደል ስላለባቸው፣ የሚያየውና የማያየው ልጅ አንዱን ቃል በየራሳቸው ሕዋስ ያነብቡታል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ከሕፃናቱ ጋር እየመከሩ ያዘጋጁትና በ2019 የአሜሪካ የዐይነ ስውራን ማተሚያ ቤት ለትምህርት ቤቶች ያቀረበው «ኮድ ጃምፐር» ደግሞ፣ ልጆች ክፍሎቹን በገመድ አያይዘው ዜማ ወይም ተረት የሚያሰሙበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም መማሪያ ነው፤ አንዱ የቀጠለውን ሌላው ገመዱን በጣቱ ተከትሎ ይደርስበታል፣ ደማቅ ቀለሙም ጥቂት ብርሃን ለቀረላቸው ይጠቅማል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለሠሪው ግልጽ ነው። ዕቃው ዳር ድንበር ይኑረው፣ መዳሰስና ማንቀሳቀስ ይለዩ፣ የተለወጠው ነገር በጣትም በጆሮም ይታወቅ። ድምፅ መብዛቱ ግን ለዐይነ ስውር ልጅ በረከት አይደለም፤ ያለ ዕረፍት የሚዘፍን መጫወቻ የባልንጀራውን ቃል ከጆሮው ይነጥቃል፣ ኅብረቱም የሚቆመው በዚያ ቃል ላይ ነው። ለአንድ ሰዓት ዐይኑን በጨርቅ ሸፍኖ የሞከረ ሠሪ ጨለማን ይቀምስ እንደ ሆነ እንጂ፣ በዳሰሳ ያደገ ልጅ ያካበተውን ጥበብ አያገኝምና፣ ጅምሩን ለሕፃናቱ እጅ አስቀድሞ ሊሰጥ ይገባዋል። ፈተናውም አንድ ነው፤ ሁለት ልጆች ሲጫወቱ አንዱ የሠራውን ሌላው ለማወቅ የአዋቂ አስረጂ ካስፈለገው፣ ያ መጫወቻ ተሸጠም ተመሰገነም ሥራው ገና አላለቀም።