እንጉዳይ አብቃዩ ምስጥ

በሱሉልታ ሜዳ ሣር ሥር የሚርመሰመሱት ጉንዳኖች ያገኙትን ይለቅማሉ እንጂ አያርሱም። አራሾቹ ጉንዳኖች ወደ 250 ዝርያ ሲሆኑ ሁሉም የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ነው። ከእነሱም ቅጠል ቆራጮቹ ቅጠሉን አኝከው ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ እጮቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ፈንገስ ነው።

በእኛ ምድር ይህን ሥራ የያዘው ምስጥ ነው። ምስጥ ከጉንዳን ይልቅ ለበረሮ የሚቀርብ ነፍሳት ሲሆን፣ እርሻውን የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። የሱሉልታ ብርድ ለዚህ እርሻ አይመችም። በቡራዩ አልፎ የአምቦን መንገድ ይዞ ወለጋ የዘለቀ ሰው ግን ኩይሳውን ያገኘዋል።

ሠራተኞቹ ምስጦች ደረቅ ሣርና የእንጨት ፍርፋሪ በልተው፣ በቅጡ ሳይፈጭ ከፈንገሱ ዘር ጋር ያወጡታል። ይህንንም እየደራረቡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ መደብ ይሠሩበታል። ተርሚቶማይስስ የተባለው ፈንገስ እዚያ ላይ ይበቅላል፤ ለምስጥ ሆድ የሚከብደውን የእንጨት ክፍል ይሰባብርለታል። ወጣቶቹ ምስጦች የፈንገሱን ነጫጭ እንክብሎች ይመገባሉ፤ መደቡ ሲያረጅ ደግሞ ራሱ ይበላል። የኩይሳው ውስጥ ርጥበቱን ጠብቆ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። ምስጦቹ መደቡን ጥለውት ከሄዱ በቀናት ውስጥ ሌላ ፈንገስ፣ የእርሻው አረም ማለት ነው፣ ይወርሰዋል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የዘሩ ጉዳይ ነው። አዲስ ጎጆ የምትወጣ ቅጠል ቆራጭ ንግሥት ከእናቷ እርሻ ቁራሽ ፈንገስ በአፏ ይዛ ትሄዳለች። አሸን ሆነው ከኩይሳው የሚወጡት አብዛኞቹ ምስጦች ግን ባዶ እጃቸውን ናቸው። ወንዱና ሴቷ ክንፋቸውን ጥለው መሬት ይገባሉ፤ የመጀመሪያ ልጆቻቸው ናቸው ወጥተው ዘር የሚፈልጉት። ያን ጊዜ ከነባር ኩይሳዎች ሥር እንጉዳይ ብቅ ብሎ ዘሩን በነፋስ በትኗል።

ሰብሉ ለተበላበት፣ የቤቱ ምሰሶ ለተቦረቦረበት የወለጋ ገበሬ ምስጥ ጠላት ነው፤ ምሬቱም እውነት ነው። ያም ሆኖ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዝናብ ወቅት ተለቅሞ የሚበላው ጣፋጭ እንጉዳይ የዚሁ ምስጥ ሰብል ነው። ሰው ሌላውን እንጉዳይ ቀቅሎ ባቀዘቀዘው ጭድ ላይ ያለማል፤ ይህን ግን ያለ ምስጥ ለገበያ በሚበቃ መጠን ማብቀል እስካሁን አልተሳካለትም።