ማግኔት እንዴት ይሠራል? የስምጥ ሸለቆ አለት ምስክርነት

በጋሞ ዞን የሚገኘው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ከዓባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ጋሞ ደጋማ ስፍራዎች ይዘልቃል። ወረዳው በይበልጥ የሚታወቀው በሙዝ ምርቱ ነው። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ የማግኔትን ምንነት ለማስረዳት የሚያገለግል የተፈጥሮ ማስረጃ ነው።

ማግኔት ብረት፣ ኒኬልና ኮባልትን የሚስብ ቁስ ነው። ሁለት ዋልታዎች ያሉት ሲሆን፣ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ለሁለት ቢሰበር እንኳ እያንዳንዱ ስባሪ የራሱ ሁለት ዋልታዎች ይኖሩታል።

የዚህ ኃይል ዋነኛ ምንጭ በአተም ውስጥ የሚገኙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚቆጠር ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ቁሶች የአንዱ ኃይል በሌላው ይጣፋል። በብረት ውስጥ ግን የጎረቤታሞች አተሞች ኃይል በአንድ አቅጣጫ እየተሰለፈ በዓይን የማይታዩ ክፍሎችን ይፈጥራል። እነዚህ ክፍሎች አቅጣጫቸው የተለያየ ከሆነ ብረቱ ተራ ብረት ነው፤ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ማግኔት ይሆናል። መርፌ በማግኔት ደጋግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታሽ ማግኔት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሰልፍ የሚያፈርሰው ሙቀት ነው። ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ደግሞ በ580 ዲግሪ ገደማ ማግኔትነታቸውን ያጣሉ። በአንጻሩ ቀልጦ የወጣ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ማግኔታይት በወቅቱ የምድር ማግኔታዊ መስክ አቅጣጫ ተሰልፎ ይጸናል። በመሆኑም የስምጥ ሸለቆው ባሳልት ከተፈጠረበት ዘመን የቆየ የማግኔት አሻራ ይዞ ይገኛል።

ብረት ያለበት ማዕድን ሁሉ ግን በማግኔት እኩል አይሳብም። ከባሳልት ተፈርፍሮ በወጣ አሸዋ ውስጥ የሚገኙ ጥቁር የማግኔታይት ቅንጣቶች በማግኔት ላይ ይለጠፋሉ። ቀይ አፈርን የሚያቀላው የብረት ዝገት ግን የሚሳበው እጅግ በደካማው ነው።

ልዩነቱ ለኃይል ልማት ጠቀሜታ አለው። ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ የዓባያ የጂኦተርማል አካባቢ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ ከመሬት በታች የሚዘዋወር ሙቅ ውኃ ማግኔታይትን ወደ ደካማ ማዕድናት ይለውጣል። ባለሙያዎች ከመሬት በላይ በሚያደርጉት ልኬት የማግኔት ኃይሉ ቀንሶ የተገኘበት ስፍራ ሙቅ ውኃ ያለበትን ወይም የነበረበትን ቦታ ሊጠቁም ይችላል።

ልኬቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በቀን የሚፈስ የኤሌክትሪክ ሞገድ መስኩን ከሰዓት ሰዓት ይለዋውጠዋል። ይህ ለውጥ ካልተቀነሰ ውጤቱ ይዛባል። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ የምድርን መስክ ሲመዘግብ የቆየው ከዚሁ ወገብ አቅራቢያ ነው።

የማግኔት ጥናት ብቻውን ለቁፋሮ ውሳኔ አያበቃም። በቀድሞ ዘመን የቀዘቀዘ ስፍራም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ውጤቱ ከአለቱ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ከስበት ልኬትና ከፍል ውኃ ምርመራ ጋር መገናዘብ ይኖርበታል። ጥልቅ ጉድጓድ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ፕሮጀክት የሚያጸድቁ አካላት እነዚህ ጥናቶች ተሟልተው መቅረባቸውን አስቀድመው ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።