የቅድስት እሌኒ ደሴት ነፋስና የአይሮፕላን ማረፊያዋ

ከአፍሪካ ጠረፍ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን የቆመችው፣ ቅዱስ መስቀሉን ፈልጋ ባስወጣችው በንግሥት እሌኒ ስም የተጠራችው፣ ናፖሊዮንም ተግዞ የሞተባት የሴንት ሄሌና ደሴት፣ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መንገዷ የባሕር ብቻ ነበር፤ ከኬፕታውን የተነሣ መንገደኛም አምስት ቀን ያህል በመርከብ ይጓዝ ነበር። በሐሩር ክልል ውስጥ ብትሆንም አየሯ ልዝብ ነው፤ ምክንያቱም መርከበኞች የንግድ ነፋስ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ፣ በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ተጉዞ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ትጋት ይደርስባታል።

ይህ ነፋስ በተንጣለለው ባሕር ላይ ሳለ የጸና አካሄድ አለው፤ ከደሴቲቱ ገደል ሲጋጭ ግን ከፊሉ ሽቅብ ይወረወራል፣ ከፊሉም በአለቶቹ ዙሪያ ተጠማዞ፣ የክረምት ወንዝ ከቋጥኝ በስተጀርባ እንደሚሽከረከር ሁሉ፣ ለዓይን በማይታይ ንውጽውጽታ ይታወካል። አይሮፕላን በአየር ላይ ተደግፎ የሚቆየው ክንፉን በሚያልፈው አየር ፍጥነት ስለሆነ፣ ሊያርፍ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ምድር በተጠጋ ጊዜ ከፊቱ ይመጣ የነበረው ነፋስ በድንገት ቢቋረጥ፣ የተሸከመው ኀይል በዚያችው ቅጽበት ይጎድልበታል፤ ለአብራሪውም ጉድለቱን የሚያርምበት ከፍታ እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1836 ደሴቲቱን የጎበኘው ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን በአንድ ታላቅ ገደል አፋፍ ቆሞ ሳለ፣ እርሱ ባለበት አየሩ ጸጥ ብሎ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ግን የባሕር ወፎች ከብርቱ ነፋስ ጋር ሲታገሉ አየ፤ ክንዱንም ከአፋፉ ወደ ውጭ ቢዘረጋ የነፋሱ ሙሉ ኀይል መታው። እኔ እንደማስበው ስለዚህች ደሴት ነፋስ ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ ምስክርነት የሚበልጥ የለም።

የብሪታንያ መንግሥት ማረፊያውን ያሠራው በፕሮስፐረስ ቤይ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል 310 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ሲሆን፣ ድራይ ገት የተባለውን ሸለቆ በ8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይና አፈር መሙላት አስፈልጎ ነበር፤ ወጪውም 285 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ለሙከራ የመጣ ቦይንግ 737 ከሰሜን በኩል ለማረፍ ሲቃረብ ያ ንውጽውጽታ ስላጋጠመው፣ በግንቦት ሊሆን የታሰበው ምረቃ ቀረ። በተቃራኒው አቅጣጫ ማረፍ ቢቻልም ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው አይሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል፤ መንደርደሪያው ግን 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የብሪታንያ ፓርላማ የሒሳብ ኮሚቴ የነፋሱ ጠባይ አስቀድሞ ባለመመርመሩ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በብርቱ ወቀሰ፤ ወቀሳው የተገባ ነበር። ጋዜጦች ግን ማረፊያውን በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ይልቅ የማይጠቅም እያሉ መሳለቃቸው ፍትሕ አልነበረም፤ መሬቱን ያስተካከሉት ሠራተኞች ድካማቸው ከንቱ አልቀረምና።

መፍትሔው የተገኘው በአነስተኛ አይሮፕላን ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2017 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የደቡብ አፍሪካው ኤርሊንክ ኤምብራየር 190 አይሮፕላኑን ከጆሐንስበርግ አስነሥቶ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። መጠጊያ ሊሆን የሚችለው የአሴንሽን ደሴት 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ማረፍ ባይቻል ወደ አፍሪካ የሚመልስ ነዳጅ መያዝ ግድ ነው፤ በዚህም ምክንያት መቀመጫዎቹ ሁሉ አይሞሉም። ነፋሱ ቢመችም እንኳ ደመና ዝቅ ብሎ ሜዳውን በጉም የሚሸፍንበት ቀን አለ፤ ያን ቀን አብራሪው ይመለሳል፣ ወይም ጨርሶ አይነሣም።

እንግዲህ ወደዚያች ደሴት ለመጓዝ የምታስቡ ሁሉ፣ የመመለሻችሁን ቀን ከሌላ ቀጠሮ ጋር አታጣብቁ፤ ጥቂት ትርፍ ቀናት ያዙ፤ አብራሪው ዛሬ አይበረርም ሲል ደግሞ ቃሉን ያለ ቅሬታ ተቀበሉት።