ከውጤት ይልቅ ውሳኔን መመዘን፦ የኢንተርኔት ፖከር የጥናት ዘዴዎች

መግቢያ

ማንኛውም ችሎታ በልምምድ የሚዳብረው ልምምዱ ታማኝ ግብረ መልስ ሲሰጥ ነው። የቼዝ ተጫዋች ሲሳሳት ቅጣቱን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ጨዋታ ያየዋል። በፖከር ግን የተሳሳተ ውሳኔ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ይሸለማል፤ ትክክለኛውም በኪሳራ ይቀጣል። በዚህ ምክንያት ለዓመታት የተጫወተ ሰው ከጀማሪ ብዙም ሳይርቅ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚካሄደውንና ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት መነሻ አድርጎ፣ ተጫዋቾች ችሎታቸውን የሚያጠኑባቸውን ዘዴዎች ያብራራል። ዋና ነጥቡም መሻሻል የሚጀምረው ውሳኔንና ውጤትን ለይቶ መመዘን ሲቻል ነው የሚል ነው።

የጨዋታው ሥርዓት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሌሎች የማያዩአቸው ሁለት ካርታዎች ይታደላሉ። ቀጥሎም አምስት የጋራ ካርታዎች በሦስት ደረጃ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከእደላው በኋላና ካርታ በተገለጠ ቁጥር ተጫዋቾች ይወራረዳሉ፤ የቀረበን ውርርድ መቀበል፣ ማሳደግ ወይም ካርታን ጥሎ መውጣት ይቻላል። የተሻለ የአምስት ካርታ ጥምረት ያለው፣ ወይም ሌሎቹ ሁሉ ጥለው ሲወጡ ብቻውን የቀረ ተጫዋች በመሃል የተሰበሰበውን መደብ ይወስዳል።

ውሳኔ የሚመዘንበት ስሌት

አራት የጋራ ካርታዎች ተገልጠው አንድ ብቻ ቀርቷል እንበል። ተጫዋቹ የአንድ ምልክት አራት ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ከመጣለት ያሸንፋል፣ ካልመጣ ይሸነፋል። በመደቡ 100 ዶላር ነበረ፤ ተቃራኒው ደግሞ 50 ዶላር ተወራረደ። ተጫዋቹ 150 ዶላር ለማግኘት 50 ዶላር መክፈል ይኖርበታል፤ ክፍያው እንዲያዋጣው ከመቶ ቢያንስ 25 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ያላያቸው ካርታዎች 46 ሲሆኑ የሚጠቅሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ዕድሉ 19.6 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ውርርድ እንደማይኖር ከወሰድን፣ ውርርዱን በተቀበለ ቁጥር በአማካይ 10.87 ዶላር ይከስራል። ይህ አማካይ የውሳኔው የሚጠበቅ ዋጋ ይባላል።

ሆኖም ይኸው ተጫዋች ከአምስት ጊዜ አንዴ ያህል ካርታው ይመጣለትና መደቡን ይሰበስባል። በትዝታው የሚቀረው ድሉ እንጂ ስሌቱ አይደለም። የመጀመሪያው የጥናት ሥራ እንግዲህ የመጨረሻው ካርታ ከመገለጡ በፊት የነበረውን ውሳኔ ብቻ ነጥሎ መመርመር ነው። በተግባር የተቃራኒው ካርታ ስለማይታወቅ ስሌቱ በአንድ ግምት ላይ አይቆምም። የሁለት ካርታ ጥምረቶች በጠቅላላ 1,326 ናቸው። ብቁ ተጫዋች «ምን ይዟል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እስካሁን ካደረገው ጋር የሚስማሙት የትኞቹ ጥምረቶች ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል።

መዝገብና የናሙና መጠን

በኢንተርኔት የሚደረግ ጨዋታ ትልቁ ጥቅም መዝገቡ ነው። የእያንዳንዱ እደላ ሂደት፣ የውርርዱ መጠንና ቅደም ተከተል በጽሑፍ ይቀመጣል። በብዙ ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ መጫወት ስለሚቻልም መረጃው በፍጥነት ይከማቻል። የመረጃው ብዛት ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል።

የተጫዋች ትርፍ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ100 እደላ ስንት «ትልቅ የግዴታ ውርርድ» እንዳገኘ ነው። እውነተኛ ትርፉ 3፣ የውጤቱ መደበኛ ልይይት ደግሞ 90 የሆነን ሰው እናስብ። ከ10,000 እደላ በኋላ የአማካዩ መደበኛ ስሕተት 9 ነው፤ በመሆኑም ይህ አትራፊ ሰው በኪሳራ ላይ የመገኘት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ100,000 እደላ በኋላም እንኳ 15 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ በኩል በፈቃዱ ገንዘብ ያስገባባቸው እደላዎች ድርሻ ከመቶ 25 ቢሆን፣ በ10,000 እደላ የዚህ ልኬት መደበኛ ስሕተት ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ መዝገብ ስለ ልማድ የሚሰጠው ምስክርነት ስለ ትርፍ ከሚሰጠው እጅግ የታመነ ነው፤ ጥናቱም ከልማድ ቢጀምር ይመረጣል።

ሚዛናዊ ስልት

ልማድ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? የሒሳብ ሊቁ ሃሮልድ ኩን በ1950 በሦስት ካርታ ብቻ የሚደረግ የሁለት ሰው ፖከር አቅርቦ መፍትሔውን አሳይቷል። ሁለቱም አንድ አንድ አስይዘው ይጀምራሉ፤ ውርርዱም አንድ ነው። በሚዛናዊው ስልት፣ የመጀመሪያው ተጫዋች ሳይወራረድ ሲያልፍ ዝቅተኛውን ካርታ የያዘው ሁለተኛ ተጫዋች ከሦስት ጊዜ አንዴ ጠንካራ መስሎ ይወራረዳል። ማስመሰል፣ በተለምዶ ብለፍ የሚባለው፣ የድፍረት ጉዳይ ሳይሆን የምጣኔ ጉዳይ መሆኑን ይህ ትንሽ ጨዋታ ያስረዳል።

ይህን ወደ ሙሉው ጨዋታ ማሳደግ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ያቀረቡት ስልተ ቀመር ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር ደጋግሞ እንዲጫወት ያደርጋል። በየውሳኔው ያልተመረጠው አማራጭ ምን ያህል ይሻል እንደነበር «ጸጸት» በሚል ልኬት ይመዘግባል፤ ብዙ ጸጸት የተመዘገበበትን አማራጭም ቀጥሎ አዘውትሮ ይመርጣል። በ2015 ውርርዱ የተገደበው የሁለት ሰው ሆልደም በተግባር እንደተፈታ ተገለጸ። ዛሬ ተጫዋቾች የሚያጠኑባቸው የስሌት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የዚህ ሥራ ዘሮች ናቸው።

የጥናት ሥርዓት

በጥር 2017 ኖአም ብራውንና ቱማስ ሳንድሆልም በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም አራት ባለሙያ ተጫዋቾችን በ120,000 እደላ አሸንፏል። የዕድልን ድርሻ ለመቀነስ ተመሳሳይ ካርታዎች በሁለት ጠረጴዛ ተገላብጠው ይታደሉ ነበር። ፕሮግራሙም ባለሙያዎቹ በቀን ያገኙትን ክፍተት በሌሊት እያሰላ ይደፍን ነበር። ይህ ልማድ ለሰውም አርአያ ይሆናል፦ የሚጠናው በእውነተኛ ጨዋታ የተገለጠው ድካም ነው።

በዚህ መሠረት ተጫዋቹ ከጨዋታ በኋላ ብዙ የከሰረባቸውን ሳይሆን የተጠራጠረባቸውን ውሳኔዎች ይመርጣል። ፕሮግራሙን ከመጠየቁ በፊት መልሱንና ምክንያቱን ይጽፋል። ቀጥሎ ሁለቱን ያነጻጽርና ልዩነቱን የሚያስረዳውን መርሕ ይፈልጋል። ለባልደረቦቹ ሲያቀርብም የመጨረሻውን ውጤት ይሰውራል፤ ውጤቱን የሰማ ገምጋሚ ፍርዱ ያዘነብላልና። የፕሮግራሙ መልስ በተሰጠው ግምት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ግምቱ ሲሳሳት መልሱም ይሳሳታል። በጨዋታው ሰዓት እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጠቀም ደግሞ ጥናት ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ማጠቃለያ

የጨዋታው አስተናጋጅ ከመደቡ ድርሻ ስለሚወስድ የተጫዋቾች ጠቅላላ ድምር ሁልጊዜ ኪሳራ ነው፤ ከተቃራኒዎቹ ጥቂት የሚበልጥ ሰውም ከሳሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐቀኛ ጥናት «አሻሽያለሁ» በሚል ብቻ ሳይሆን «አላዋጣኝም፣ ልተው» በሚል ድምዳሜም ሊቋጭ ይገባዋል። የአንድ ወር ዕድልን እንደ ችሎታ ቆጥሮ መተዳደሪያውን ለቁማር የሚያስይዝ ሰው የሚጎድለው የካርታ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ናሙናው ምን ያህል እንደሚያስመሰክር የማወቅ ጥንቃቄም ነው። ይህ ጥንቃቄ ውጤቱ በከፊል በዕድል በሚወሰን በማናቸውም የምርምር መስክ ላይ ለተሰማራ ሰው እንግዳ አይሆንም።