የልጃችሁ መጽሐፍ በማን ገንዘብ ታተመ?

ባለፈው ሳምንት የማታው ትምህርት እንዳለቀ አንዲት እናት ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። በነጠላቸው ጠቅልለው የያዙትን አውጥተው አሳዩኝ። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ወልቋል። ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉኝ። «ይቺ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ናት። ሰኞና ማክሰኞ እኛ ቤት ታድራለች። ረቡዕ ጎረቤት ይወስዳታል። ፈተና ሲደርስማ ጠብ ነው። የከተማ ልጅ ምን አለበት! እዚያ መጽሐፉ እንደ ልብ ነው፣ አይደል?»

«አይደለም እናቴ» አልኳቸው። አላመኑኝም። ሌሎቹም ተማሪዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። ያን ማታ ለእነሱ የነገርኳቸውን ዛሬ ለእናንተም እጽፋለሁ።

ካዛንቺስና ቂርቆስ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ቂርቆስ መሐል ከተማ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች በዚህ ሰፈር መኖሪያ ቤት ሠራ። የቤት ሥራውን የያዘው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ» በጣልያንኛ ቤቶች ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተጋጠሙና ካዛንቺስ ሆኑ።

ከካዛንቺስ በእግር ሽቅብ ቢወጡ አራት ኪሎ ይደርሳሉ። የትምህርት ሚኒስቴር እዚያ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም እዚያው ነው። በሌላው በኩል ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. ይህ ኮሚሽንና ዩኔስኮ አንድ ስብሰባ ጠሩ። የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ኃላፊዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። በሃያ ዓመት ውስጥ የአፍሪካ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲማር አቀዱ። ልጆች የሚማሩትም የአፍሪካን ኑሮ የሚያሳይ እንዲሆን ተነጋገሩ።

እንግዲህ አስቡት። የእኛ ሰፈር ከላይ የትምህርት ሚኒስቴር አለው፤ ከታች የስብሰባው አዳራሽ አለው። መጽሐፍ የሚቀድመው ቅርብ ላለ ሰው ቢሆን ኖሮ ለካዛንቺስና ለቂርቆስ ልጅ ባልቸገረው ነበር። ግን ቸገረው።

በ2015 ዓ.ም. የሆነው

በ2015 ዓ.ም. በአገራችን አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ። ሥርዓተ ትምህርት ማለት ልጅ በየክፍሉ ምን ይማር የሚለው ዕቅድ ነው። ለውጡ በመጀመሪያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃው ተከተለ። ዕቅዱ ሲለወጥ መጽሐፉም ይለወጣል። አሮጌው መጽሐፍ ወደ መጋዘን ገባ። አዲሱ ግን በብዙ ቦታ በሰዓቱ አልደረሰም።

ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበር። የሚማረው እዚያው ቂርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ፤ መጽሐፍ የለም። መጽሐፉ በስልክ ይገኝ ነበር። መምህሩ ከስልካቸው እያነበቡ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ጥሩ ስልክ ያለው ቤት፣ ልጁ ማታ ከስልክ ላይ ያነባል። እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችን። የእሷ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወል ሌላ አይሠራም። ስለዚህ ወንድሜ የእኔን ስልክ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ለፈተና አጠናበታለሁ። በአንድ ስልክ ሁለት ሰው ተጣላ። እናንተ ዘንድ በመጽሐፍ ተራ ይጣላሉ፤ እኛ ቤት በስልክ ተራ ተጣላን።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የሚያስከፍሉት በገጽ ነው። አንዱ መጽሐፍ ብቻ ከመቶ ገጽ በላይ ነው። የእንጀራ ትርፍ አይችለውም። እናቴ «እንግዲህ ዕድላችን ነው» አለችና ዝም አለች።

ዕድል ግን አይደለም። ዝናብ ቢቀር ሰው አያዘውም። መጽሐፍ ቢቀር ግን የቀረበት ቦታ አለ። መጽሐፉን የሚያዘጋጅ፣ የሚከፍል፣ የሚያትም፣ የሚያጓጉዝ ሰው አለ። ይህን መንገድ የማያውቅ ሰው «ዕድሌ ነው» ይላል። የሚያውቅ ሰው ግን «የት ላይ ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል።

መጽሐፉን ማን ይመርጣል?

በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ አይመርጥም። ለአንድ ክፍል በአንድ ትምህርት መንግሥት ያዘጋጀው አንድ መጽሐፍ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃን መጽሐፍ የማዘጋጀት ሥራ ወደ ክልሎች ሄደ። በአዲስ አበባ የከተማው ትምህርት ቢሮ ይሠራዋል። የሁለተኛ ደረጃው የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው።

መጀመሪያ ዕቅዱ ይወጣል። ቀጥሎ መምህራንና ምሁራን ይጽፉታል። ሌሎች ይመረምሩታል፤ ያርሙታል። ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ጨረታ ማለት አታሚዎች «እኔ በዚህ ዋጋ አትማለሁ» እያሉ የሚወዳደሩበት ነው። አሸናፊው ያትማል። ወረቀቱ የሚመጣው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው። የታተመው መጽሐፍ በመኪና ተጭኖ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከነዚህ አንዱ ሲዘገይ የኋለኛው ሁሉ ይዘገያል።

በሌላ አገር ሌላ አሠራር አለ። በጃፓን ልዩ ልዩ አሳታሚዎች መጽሐፍ አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ሚኒስቴሩ መርምሮ ያጸድቃል። ከጸደቁት መካከል ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሆነውን የየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ይመርጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በወጣ ሕግ መሠረት መጽሐፉን ለግዴታው ዘጠኝ ዓመት ትምህርት የሚገዛው መንግሥት ነው። ለልጁ በነፃ ይሰጠዋል።

የእኛ አሠራር ጥቅም አለው። የደሀውም የሀብታሙም ልጅ አንድ መጽሐፍ ያነባል። ብዙ በአንድ ላይ ሲታተም ዋጋው ይቀንሳል። ጉዳትም አለው። ያ አንድ መጽሐፍ ከዘገየ ምትክ የለውም። ስለዚህ ምርጫው የእኛ ባይሆንም መድረሱን መከታተል የእኛ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ሰው «መንግሥት ሰጠን» ይላል። መንግሥት ከየት አመጣው? ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ግብር ይከፍላል። ሳሙና ስትገዙ በዋጋው ውስጥ ግብር አለ። ነጋዴውም፣ ደመወዝተኛውም ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ተሰብስቦ በጀት ይሆናል። በጀት ማለት በዓመት ይህን ያህል ለመንገድ፣ ይህን ያህል ለጤና፣ ይህን ያህል ለትምህርት ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ፌዴራል ለክልል፣ ክልል ለወረዳ ያካፍላል።

አንዳንዴ ገንዘቡ ብድር ነው። በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የሚባል ሥራ ተጀመረ። ከዓላማዎቹ አንዱ እያንዳንዱ ተማሪ ለእያንዳንዱ ትምህርት የራሱ መጽሐፍ እንዲኖረው ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት በዚያ ጊዜ በታተሙ መጻሕፍት ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ማን እንደ ከፈለ ተጽፏል። ከዓለም ባንክ ወገን በሚሰጥ ብድር፣ እንዲሁም በፊንላንድ፣ በጣልያን፣ በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ መንግሥታት እርዳታ ይላል። እርዳታ አይመለስም። ብድር ግን ለብዙ ዓመት ይከፈላል። የሚከፍለው ሕዝብ ነው። መጽሐፉ ያልደረሰው ልጅም አድጎ ሲሠራ ብድሩ ይደርሰዋል።

በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑን ይናገራል። አሥር ምክርም ይሰጣል። ሽፋን አልብሱት፣ በደረቅና በንጹሕ ቦታ አስቀምጡት፣ በታጠበ እጅ ያዙት፣ የተቀደደውን ለጥፉት የሚሉ ምክሮች ናቸው። መጽሐፉ ከዚህ ዓመት ልጅ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ ነው።

ካዛንቺስ ሲፈርስ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛወረ። እኛም ወጣን። ትምህርት ተጀምሯል። ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ያን ዓመት መጽሐፍ ደርሶት ነበር። እናቴ በፌስታል ሸፍናለት ነበር። ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን መጽሐፎቹን ለብቻ አወጣች። የትምህርት ቤቱ ናቸውና ወንድሜ ይዟቸው ሄደ፤ አስረክቦ ተመለሰ።

በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ለእሱ የሚሆን መጽሐፍ አልተረፈም። ለምን? መጽሐፍ የሚላከው በተማሪ ቁጥር ነው። እሱ የተቆጠረው በድሮው ትምህርት ቤት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት የተላከለት ቀድሞ ለተመዘገቡት ልጆች ነው። ከሌላ ልጅ ጋር እየተጋራ ዓመቱን ጨረሰ።

ይህ ነገር ለእናንተም ትምህርት አለው። ልጁን በሰዓቱ ያላስመዘገበ ሰው ልጁ አይቆጠርለትም። ከዓመቱ መጀመሪያ በኋላ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚመዘገብ ልጅ ቢኖር መጽሐፉን ከሌላ ልጅ ላይ ይሻማል። ልጅን በምዝገባው ጊዜ ማስመዝገብ መጽሐፍ እንደ ማዘዝ ነው።

ምን እንጠይቅ?

የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ሲሰበሰብ እነዚህን ጠይቁ።

1. የትኛው መጽሐፍ መጣ? የትኛው አልመጣም?

2. ስንት መጣ? ተማሪው ስንት ነው?

3. የመጣው ሁሉ በልጆች እጅ ነው ወይስ መጋዘን ውስጥ የቀረ አለ?

4. ያልመጣው የት ላይ ቆመ? ወረዳ? ዞን? ወይስ ገና አልታተመም?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ትምህርት ቤት መጽሐፉ መጥቶም ይቆለፍበታል። ርዕሰ መምህሩ «ልጆች ቢቀዱት ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ አትቆጡ። «እኛ እንሸፍነዋለን፣ ቢጠፋ እኛ እንጠየቃለን፣ ስማችንን ጻፉ» በሉ። ዛሬ ስማችሁን በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። በአውራ ጣት መፈረም ቀርቷል።

በማግስቱ ማታ ያቺን የሒሳብ መጽሐፍ ለእናትዮዋ መልሼ ሰጠኋቸው። «የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ኩራዙን አስጠጉ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ሄዱ። «የ... ት... ምህ... ርት... ቢ... ሮ።» ከዚያ ቀና አሉ።

«ለካ መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ስሙ ተጽፏል!» አሉ። «እኔ ስንት ጊዜ ገልጬ አልፌዋለሁ።»

መጽሐፉን መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉት። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ነው። ይዘውት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ግን ሽፋኑን በዱቄት ሙጫ ሊለጥፉት ነው። ረቡዕ የጎረቤት ተራ ነውና።